ቅሬሽ የት ነው?

የእትዬ ሉባባን ሞት የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከደሴ ስመለስ፣ ውርጌሳን አለፍ እንዳልን፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት መወደድ ሲያወሩ ቆዩና አንደኛዋ ድንገት፣ «ያቺ ፈታሽ ሞተች አሉ» አለች።

«የቷ ፈታሽ?»

«የካምፑ በር ላይ የነበረችዋ ናታ። ሉባባ የሚሏት። ትናንት ተቀበረች።»

ሁለተኛዋ ግን፣ «ነፍስ ይማር ልል ነበር፤ አንጀቴ እንቢ አለኝ» አለች። «በአንዲት መርፌ ሰበብ ልጄን ሳላየው ያስቀረችኝ ሴት ናት። እዚያው በሩ ላይ ረግሜያት ነበር። እርግማኔም ደረሰባት።»

ጭኔ ላይ የነበረው ፌስታል ወደቀ። አላነሣሁትም። እትዬ ሉባባ ጦርነቱን ሙሉ የታገለችው ሰው መርዶውን መንገድ ላይ እንዳይሰማ ነበር። የእሷን መርዶ ግን እኔ በሚኒባስ፣ ከሽንኩርት ዋጋ ቀጥሎ፣ ማንም እጄን ሳይዘኝ ሰማሁት።

ዞር አልኩ። የረገሙትን ሴትዮ ወዲያው አወቅኋቸው፤ የሲሪንቃዋ እማማ ደብሬ ናቸው። እሳቸው አላወቁኝም። እኔ ያን ጊዜ ከመፈተሻው መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ፤ ፈታሽ ደግሞ ፊቱን የሚያይለት የለም። ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አፌን እንዲህ መዝጋት ልማዴ አይደለም፤ ያስተማረችኝ እሷው ናት።

ከጦርነቱ በፊት መርሳ መናኸሪያ ሻይ እሸጥ ነበር። ከተማችን ተይዛ ከተለቀቀች በኋላ ከስደት ስመለስ ከሻይ ቤቴ የቆመው ምሰሶው ብቻ ነበር። ምን ልሥራ ብዬ እጄን አጣጥፌ በተቀመጥኩበት ሰሞን ቀበሌው ሴት ፈታሾች ይፈለጋሉ አለ። ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ድሮ የመንገድ ሠሪዎች ዕቃ ማከማቻ የነበረ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አለ፤ ወታደሩ እዚያ ሰፍሮ ነበር። ወንድ ጠያቂውን ወታደሮቹ ይፈትሹታል። ሴቷን ግን ወንድ አይነካትምና ከከተማ ሁለት ሴቶች ተቀጠርን፤ እኔና እትዬ ሉባባ።

ሁለት ያደረጉን ለሥራው ብዛት አይደለም፤ በምግቡ ምክንያት ነው። ወደ ግቢው የሚገባ ምግብ ሁሉ በሩ ላይ መቀመስ አለበት። ያመጣችው ሴት ከጾመች ወይም እንቢ ካለች ፈታሿ ትቀምሳለች። ታዲያ በእኛ አገር የእስላሙን ሥጋ ክርስቲያኑ፣ የክርስቲያኑን ሥጋ እስላሙ አይበላም። ስለዚህ የእስላሙን ድስት እሷ፣ የክርስቲያኑን እኔ እንቀምሳለን። ወሩ ሳያልቅ ሁለታችንም ቀሚስ ጠበበን። «ትርንጎዬ፣ ይኼ መንግሥት እኛን ሊቀልብ ነው እንዴ የቀጠረን?» ትለኝ ነበር ወገቧን ይዛ እየሳቀች።

ረዥም ናት። የፊት ጥርሷ ፍንጭት፣ ጣቶቿ ሁልጊዜ ሂና የነካቸው፣ ሻሿን ከጆሮዋ በላይ በአንዲት መርፌ የምትይዝ ሴት ነበረች። ባሏ አሊ ድሮ ሞቶ ያሳደገችው ልጅ አንድ ነው፤ ሰይድ። አንድ ለእናቱ ሆኖም ከዘመቱት አንዱ፣ እዚያው ካምፕ የሰፈረ ነበር። መጀመሪያ ላይ አንቱ ስላት፣ «ተይ እቴ፣ አታስረጂኝ፤ ገና እዳራለሁ» ብላ አስቆመችኝ።

ከጦርነቱ በፊት ሥራዋ ምን እንደነበር የሰማሁ ቀን ደንግጬ ነበር። በሰፈሯ ሴት ስትሞት ሬሳ የምታጥበው እሷ ናት። በዚያ እጇ ምግብ ስትቀምስ፣ የሴቶችን ጡትና ብብት ስትዳብስ እያየሁ ሰውነቴ ይሸማቀቅ ነበር። እሷ ገባት።

«ትርንጎ፣ ሁለቱም አንድ ሥራ ነው» አለችኝ። «የሰው ገላ አማና ነው፣ አደራ። ታያለሽ፣ ትነኪያለሽ፣ አፍሽን ትዘጊያለሽ።»

እንዲያ ስትል ቁም ነገረኛ ብቻ ትመስላለች እንጂ ተጫዋች ነበረች። ሴት ስትገባ መዳፎቿን ፈትጋ ፈትጋ ታሞቅና «ቢስሚላህ» ብላ ትነካታለች። ሴትየዋ ክርስቲያን ከሆነች፣ «የአንቺን ደግሞ አንቺ በይበት፤ ሁለቱም ይጠብቁን» ትላታለች። አንዴ አንዲት ሙሽራ ለባሏ ጫት በፀጉሯ ውስጥ ጎንጉና መጣች። እትዬ ሉባባ አንድ ቅጠል ስትስብ ሌላው ተከታትሎ ወጣ። «ኧረ በአላህ! ይኼ ፀጉር ነው የጫት ማሳ?» አለች፤ ሙሽራዋም እኛም ሳቅን። ጫቱን አስቀረችው፣ ልጅቷን አስገባቻት። ሌላዋ ደግሞ አረቄ በጡጦ አድርጋ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። እትዬ ሉባባ ጡጦውን አሽትታ፣ «ማሻአላህ፣ ይኼ ልጅ በስንት ዓመቱ ጀመረ?» ስትል ወታደሮቹ ከውጭ ሰምተው በሳቅ ፈረሱ። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ከበሩ ተቆጥታ የመለሰቻት እናት አልነበረችም፤ እስከ ነሐሴ።

ነሐሴ ላይ በቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ጀመረ። ከባድ መሣሪያው መርሳ ድረስ ይሰማል። ካምፑ ውስጥ የነበሩት ልጆች በመኪና ተጭነው ወደ ሰሜን ሄዱ፤ ሰይድም አብሯቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደ ካምፑ የሚመለሱት ቁስለኞች ነበሩ። እናቶች ግን ስንቃቸውን ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም። በሩ ላይ የጠያቂ ጉዳይ የያዘው አሥር አለቃ ታምሩ የሚባል የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፤ ድምፁ የማይሰማ፣ እናቶችን ሁሉ አንቱ የሚል ለስላሳ ልጅ። የተጠየቀውን ልጅ ስም ይዞ ወደ ውስጥ ይገባና ሲመለስ፣ «ግዳጅ ላይ ነው፣ እናቴ» ይላል። በሕይወት ላለውም ግዳጅ ላይ ነው፣ ለሞተውም ግዳጅ ላይ ነው። በደንቡ መርዶ የሚነግረው እሱ አይደለም፤ በወጉ ከበላይ እስኪነገር ይቆያል። እናቶቹም «እንግዲያ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» እያሉ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ከቆላ የመጣች ቀይ ሻሽ ያሰረች እናት እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዳቦ ቆሎ ይዛ ነበር፤ ቀምሼላታለሁ። እኩለ ቀን ገደማ በክራንች የሚሄድ አንድ ቁስለኛ ወጣና ማንን እንደምትጠብቅ ጠየቃት። የልጇን ስም ነገረችው።

«እሱ እኮ ተሰውቷል፣ እናቴ። አልነገሩሽም?» አላት።

ክፋት አልነበረበትም። ልቡ ገና ከጦር ሜዳው አልተመለሰም ነበር፤ ዓይኑ ይህንን ይናገራል። ሴትየዋ አልጮኸችም። ተነሣች፣ ነጠላዋን ጣለችና ሮጠች። ወዴት እንደሆነ እሷም አታውቅም። እትዬ ሉባባ «ያዟት! ያዟት!» እያለች ተከተለቻት፤ እኔም ተከተልኩ። አልደረስንባትም። አስፋልቱ ላይ ማሽላ የጫነ አይሱዙ ይመጣ ነበር።

ሾፌሩ ፍሬኑን ሲይዝ የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስንደርስ አንድም ቃል ሳትናገር አልፋ ነበር። እትዬ ሉባባ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ የሴትየዋን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነችላት፣ ቀይ ሻሿን አስተካክላ አሰረችላት። ሾፌሩ ጎማው ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ዳቦ ቆሎው መንገዱ ላይ ተበትኗል። በዚያው ቀን ወደዚያች ሴት ቤት የሁለት ሰው መርዶ ሄደ።

በማግሥቱ የመጣችው እትዬ ሉባባ ሌላ ሴት ናት። አትቀልድም። ሴት ስትፈትሽ፣ «ቅሬሽ የት ነው?» ማለት ጀመረች። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚቀብረው፣ ለቅሶ የሚያስቀምጠው የሰፈሩ ሰው ነው። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መመለስ ጀመረች። አንዷን በምላጭ፣ ሌላዋን በመርፌ፣ ሌላዋን በወረንጦ፣ «ስለት ይዘሻል፤ ስለት የያዘ ዛሬ አይገባም፤ ከበሩም ራቂ!» እያለች ታባርራለች። ታመናጭቃለች። «ለምን አትሰሚም? ደንቆሮ ነሽ?» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ያቺ መዳፏን አሙቃ የምትነካ ሴት። አደጋውን አይታ ልቧ ደነደነ አልኩ።

እማማ ደብሬ በመጡ ዕለት ግን አልቻልኩም። ዝናብ እየዘነበ ነው። በሶውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ላስቲኩን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ እሳቸው በስብሰው በሶው ደርቆ መጡ። እትዬ ሉባባ ቅሬያቸውን ጠየቀች፤ ነገሯት። እጇን በጉያቸው ልካ መርፌ አወጣች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የእኔ አይደለም ልጄ። በማርያም! መርፌ አልያዝኩም።»

«ታዲያ የኔ ነው? ይውጡ! ዛሬ አይገቡም። እዚህ አግዳሚ ላይም እንዳላይዎት!»

ጉልበቷን ያዙ። እናቷን የምታህል ሴት ጉልበቷን ይዛ ስትለምናት፣ እትዬ ሉባባ እጃቸውን አላቅቃ በሩን አሳየቻቸው። እማማ ደብሬ ወጥተው ዝናቡ ላይ ቆሙና ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

«ልጅሽን እንዲህ በበር ያስቀርብሽ! እኔ እንደቆምኩ ቁሚ!»

በንዴት ፈጥነው እየተራመዱ ወደ ሲሪንቃ አቀኑ። እኔ መጋረጃውን ቀድጄ የወጣሁ ያህል ወጣሁባት። «አረመኔ ነሽ!» አልኳት። «መርፌው የሳቸው አይደለም! ከራስሽ ሻሽ ስታወጪ አይቼሻለሁ! እናት አይደለሽም እንዴ?»

መልሳ መርፌውን ሻሿ ላይ ሰካች።

«ታምሩን እዪው» አለችኝ።

የልጃቸውን ስም ይዞ ወደ ውስጥ የገባው አሥር አለቃ ታምሩ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። ዝናቡ ጭንቅላቱ ላይ ይወርዳል፤ ቆቡ በእጁ ነው። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ቀደም ሲል እነዚያ ሴቶች የተመለሱ ዕለትም ቆቡ በእጁ ነበር።

የመለሰቻቸው እናቶች ሁሉ ልጆቻቸው የሞቱ ናቸው።

«ግዳጅ ላይ ነው ቢባሉ ይቀመጣሉ» አለች ቀስ ብላ። «ከተቀመጡ የሆነ ሰው ይነግራቸዋል። መርዶ እንደዚህ ነው እንዴ የሚነገር? በጠዋት ነው፣ ሽማግሌ ይዞ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ። እዚህ ማን ይይዛቸዋል? አስፋልቱ?»

«ታዲያ ለምን በደግ ቃል አትመልሻቸውም?»

«በደግ ቃል ከመለስኳቸው ይጠረጥራሉ። ደግ ቃል የሚነገረው ለማን እንደሆነ እናት ታውቃለች። ንዴት ግን ቤት ያደርሳል፣ ትርንጎዬ። እሳቸውን አላየሽም እንዴት እንደሚራመዱ? እኔን እየረገሙ ሲሪንቃ ይደርሳሉ።»

«ረገሙሽ እኮ፤ በልጅሽ!»

እዚህ ላይ ፊቷ ተለወጠ። እርግማን የማይፈራ ወሎዬ የለም፤ እስላምም ይሁን ክርስቲያን። ከንፈሯን ነከሰችና «ይርገሙኝ» አለች። «ቤታቸው ይድረሱ ብቻ።»

ከዚያ የሲሪንቃ ሚኒባስ ሲያልፍ አስቁማ ሾፌሩን ለብቻው አነጋገረችው። ለቅሬው ዳኛ ብቻ እንዲነግር፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ ሰው ሰብስበው እማማ ደብሬ ቤት እንዲሄዱ። ሾፌሮቹ ለካ ሁሉም ያውቁ ነበር። ታምሩም ያውቅ ነበር፤ ቆቡን ማውለቅ ያስተማረችው እሷ ናት። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አፌ ወንፊት መሆኑን ታውቅ ነበርና። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እኔም ገባሁበት። ታምሩ ቆቡን ሲያወልቅ እትዬ ሉባባ መርፌዋን ታወጣለች፣ እኔ ሾፌር አስቆማለሁ። በከተማው ስሟ ጠፋ። ገበያ ስትወጣ ሴቶች ፊታቸውን ያዞሩባታል፤ አንድ ጊዜ ጎመን ስትገዛ ሻጯ «ላንቺ አልሸጥም» አለቻት። «አብሽሪ፣ ከሌላ እገዛለሁ» አለችና ሄደች።

መስቀል ሊገባ ሰሞን ነው። ጠዋት ቀድሜ ደርሼ ክፍላችንን እጠርጋለሁ። እትዬ ሉባባ የተቆላ ሽምብራ በሻሽ ቋጥራ መጣች። «ማሽላውን ዝናቡ ሳያበላሸው አልቀረም» እያለች ገባችና ሽምብራውን ሰጠችኝ። ከውጭ ኮቴ ተሰማ። ታምሩ በሩ ላይ ቆመ።

ቆቡ በእጁ ነው።

እትዬ ሉባባ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ሻሿ ሰደደች። «ማን መጣ?» አለችው።

አልመለሰላትም።

አንገቷን አስግጋ ወደ አግዳሚው አየች። አግዳሚው ባዶ ነው። ወጣ ብላ በመርሳ በኩል አየች፣ በሲሪንቃ በኩል አየች። አስፋልቱ ላይ ከአንድ አህያ በቀር ማንም የለም። እናት እየፈለገች ነበር። መልሳ ታምሩን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔም የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሽምብራው ከእጄ ላይ ተበተነ።

ተመልሳ ወደ ክፍላችን ገባችና እንደ ጠያቂ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ፊቴ ቆመች።

«ፈትሺኝ» አለችኝ።

«እትዬ...»

«ፈትሺኝ አልኩሽ። ሥራሽን ሥሪ።»

መዳፌን ፈተግኩ። አልሞቅ አለኝ። እሷ ዝም ስላለች «ቢስሚላህ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማተቤን አንገቴ ላይ አድርጌ። ትከሻዋን ነካሁ፣ ጎኗን ነካሁ። እጄ ሻሿ ጋ ሲደርስ መርፌውን አገኘሁት። አወጣሁት። መናገር ያለብኝን አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አልወጣልኝም።

«መርፌ ይዣለሁ» አለች እሷው። «መርፌ የያዘ ዛሬ አይገባም። ቅሬዬ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

ለመሄድ ዞረች። የበሩን ቆርቆሮ ይዛ ቆመች። መንገዱን አየች፣ ያንን ያየነውን አስፋልት።

«አናድጂኝ» አለችኝ። «ትርንጎ፣ በአላህ ይሁንብሽ አናድጂኝ። እንዴት አድርጌ ነው ቤቴ የምደርሰው?»

እኔ፣ አፌ ሥራ የማይፈታው ሴትዮ፣ አንድ ቃል አጣሁ። ዝም ብዬ አለቅሳለሁ። ያን ጊዜ ታምሩ፣ ያ ድምፁ የማይሰማ ልጅ፣ ቆቡን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ጮኸ።

«ውጪ! ምን ይገትርሻል? ውጪልኝ ከዚህ! አንቺ ምን የማትረቢ! ሁለተኛ በዚህ በር ዝር እንዳትዪ! ጥፊ!»

እንባው በአገጩ ይወርዳል። እትዬ ሉባባ ቀና አለች። ጭንቅላቷን ነቀነቀችለት፤ ደግ አደረግህ እንደማለት። ከዚያ መንገዱን ጀመረች። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ከኋላዋ ተከተልኳት። ከአስፋልቱ ዳር አልወጣችም፣ አልሮጠችም፣ ዞራም አላየችኝ። ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ እኔ ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ሼህ ይማም ሄድኩ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሼህ ይማም ከፊት፣ የሰፈሩ ቄስ ከጎናቸው፣ እኛ ሴቶች ከኋላ ሆነን በሯን አንኳኳን። ማታውን እንዴት እንዳሳለፈችው አላህ ነው የሚያውቀው። ደጇ ተጠርጓል። በሩን ስትከፍት ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አሥራ ነበር፤ ያለ መርፌ። ሁላችንንም አየችን። የማታውቅ ሆና፣ አንዲት ነገር ያልሰማች ሆና ጠየቀች።

«በደህና ነው በጠዋት የመጣችሁት?»

ታውቃለች እኮ! ሽማግሌዎቹ ግን የመጡበትን ወግ አላፈረሰችባቸውም። ሼህ ይማም ፂማቸውን ይዘው፣ አላህ የሰጠውን አላህ እንደሚወስድ በዝግታ ተናግረው የሰይድን ስም ሲጠሩ፣ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ፤ በዚያ ዘመን የጎደለን ለቅሶ አልነበረም። እንደዚያ ያለ ጩኸት ግን አልሰማሁም። ሌሊቱን ሙሉ በጥርሷ ይዛ ያሳደረችው ነው። ወደ ደጅ ልትወረወር ስትል ግራና ቀኝ ያዝናት። አንድ እጇ በእኔ እጅ ነበር፤ አጥንቴ እስኪያመኝ ጨመቀችኝ። «ማን ይይዛቸዋል?» ማለቷ ምን እንደነበር በክንዴ ላይ ገባኝ።

ወደ በሩ አልተመለሰችም። ብዙም ሳይቆይ ሰላም ሆነ ተባለ፣ ወታደሩም ካምፑን ለቆ ሄደ። ለማንም እንዳልናገር በአማና ያዘችኝ። «የነገርሻት እናት ሁሉ ያንን ቀን እንደገና ትኖረዋለች። እኔን ይጥሉኝ፤ ምን እጎዳለሁ?» ትለኝ ነበር። ሻይ ቤቴን እንደገና ስከፍት አልፎ አልፎ እየመጣች ትቀመጥ ነበር፤ ስኳር ይዟት ስለነበር ሻይዋን መራራ ነው የምትጠጣው። ደንበኞቼ እሷን ሲያዩ ወንበር ይቀይራሉ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት በዓይኗ ትዘጋዋለች።

እንግዲህ ሚኒባሱ መርሳ ሲደርስ አማናው እጄ ላይ ነበር። የያዘችኝ ሴት ሞታለች። ከኋላዬ ያሉት እማማ ደብሬ ደግሞ እርግማኔ ደረሰ እያሉ ነው፤ ድምፃቸው ግን የደስታ አልነበረም። ይህን ይዘው ሲሪንቃ ቢገቡ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። ሬሳ አጣቢ አፏን የምትዘጋው ለሟች ክብር ነው፤ እዚህ ግን ዝምታው ሟቿንም ያለችውንም የሚጎዳ ሆነብኝ። በሩ ሲከፈት ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እማማ፣ እዚህ ይውረዱልኝ። የምነግርዎት አለኝ፤ መንገድ ላይ አይነገርም።»

ደነገጡ። ሻይ ቤቴ አስገብቼ ከግድግዳው ተጠግተው እንዲቀመጡ አደረግኩ። ጓደኛቸውን ከጎናቸው አስቀመጥኩ። በሌላው ጎን እኔ ተቀመጥኩ። ከዚያ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ መርፌው የማን እንደነበር፣ ታምሩ ለምን ዝናብ ላይ ቆቡን አውልቆ እንደቆመ ነገርኳቸው።

ሻያቸው ቀዘቀዘ።

«ያን ዕለት ውስጥ አልነበረም?» አሉ በመጨረሻ።

«አልነበረም እማማ። ከዚያ አስቀድሞ ነው ያረፈው።»

«እኔ እኮ ርቦት፣ ከቆርቆሮው ወዲያ ቆሞ፣ ድምፄን እየሰማ ይመስለኝ ነበር። እናቴ መጥታ ተመለሰች የሚል። በማግሥቱ ሲነግሩኝ፣ በዚያችው ሌሊት በረሃብ የሞተ ነው የመሰለኝ። በሶ በበላሁ ቁጥር... ይኸው እስከ ዛሬ በሶ አልበላም።»

ጓደኛቸው ወገባቸውን አቀፈቻቸው። እኔ እጃቸውን ያዝኩ።

«እርግማኔን ሰምታዋለች?»

«ሰምታዋለች።»

«ምን አለች?»

«‹ይርገሙኝ፣ ቤታቸው ይድረሱ ብቻ› አለች።»

እማማ ደብሬ ተነሡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ዘረጉት፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ለለቅሶ ለበሱት። ጫፉን እኔ ያዝኩላቸው።

«ቅሬዋ የት ነው?» አሉኝ።